ከግንፍሌ በረንዳ ለጅቡቲው ወዳጄ

አራት ኪሎ፣ ጥቅምት 24

ሰላም ነህ ወይ፣ ሸበላው?

ልደውል ብዬ ስንቴ ቁጥርህን አውጥቼ እንደተውኩት ብነግርህ አታምነኝም። ስለዚህ ልጻፍልህ። ሦስት ዓመት ሞላን አይደል? እማማ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፣ ድንኳኑ ውስጥም ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ላንተ ግን አልደወልኩም። ምን እንደምልህ ጠፋኝ። ዛሬ ነገ ስል ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያማ "እስካሁን የት ነበርክ?" ትለኛለህ ብዬ መፍራት ጀመርኩ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሙት ዓመቱም አለፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። በቃ።

አሁን ምን እንዳስጻፈኝ ልንገርህ። ወፍ ነው። አትሳቅ።

ነሐሴ ላይ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ በዝናብ ርሶ ነበር፣ ልጨርሰው ሁለት እርከን ሲቀረኝ ተንሸራትቼ ቁርጭምጭሚቴን ሰበርኩ። አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ጀሶ ተደረገልኝና ስድስት ሳምንት በረንዳ ላይ ተሰየምኩ። (ጎረቤቴ ወጌሻ ጋ ብትሄድ ኖሮ በሳምንትህ ትራመድ ነበር እያሉ እስካሁን ይወቅሱኛል።) ከታች ግንፍሌ ይወርዳል፣ ወንዝ ከተባለ። ከማዶ የቤተ ክርስቲያን ግቢ አለ፣ ከነትልልቅ ጽዶቹ።

ሰፈሩን ታውቀዋለህ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው። ወይ ፎርም ይመታል፣ ወይ ቆርቆሮ ይቸነከራል። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱን ድምፅ ለይቼው ነበር። ኳ ኳ፣ ዝም፣ ኳ ኳ ኳ፣ ረጅም ዝም። ሥራ የማይወድ አናጢ አለ አልኩ። እሑድ ጠዋት፣ ሠራተኛ ሁሉ እቤቱ ሆኖ ቅዳሴ ብቻ በሚሰማበት ሰዓት፣ አናጢዬ ቀጠለ። ኳ ኳ። ያኔ ነው ቀና ብዬ በደረቀችው የጽድ ቅርንጫፍ ላይ ያየሁት። ግንደ ቆርቁር!

እኔና አንተ እኮ ስሙን ከመጽሐፍ ነው የምናውቀው። አራት ኪሎ ላይ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ትንሽ ነው፣ ከድንቢጥ በለጥ ይላል እንጂ ግዙፍ አይደለም። ጀርባው ወርቅማ፣ ከጭራው በላይ ቀላ ያለ፣ ደረቱ ነጣ ብሎ ቡናማ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት። ማጅራቱ ቀይ ከሆነ ወንድ ነው፣ ሴቷ ቀይዋ የላትም። የሐበሻ ግንደ ቆርቁር ይሉታል፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ ቦታ የለም። የሚፈልገው በደረቀ እንጨት ውስጥ ያለውን ትል ስለሆነ ያረጀ ዛፍ ሲገኝ ደስታው ነው። የግቢው ዘበኛ ግን ያቺ ቅርንጫፍ ሰው ላይ ሳትወድቅ ትቆረጥ እያለ ነው። እሱም እውነቱን ነው፣ ምን ልበለው?

በጀሶ ታስሬ ስመለከተው አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ ሁለት እርከን ወድቄ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቱን ከግንድ ጋር ሲያላትም ራስ ምታት እንኳ የለውም? ፈልጌ አነበብኩ። ድሮ የራስ ቅሉ ውስጥ ምቱን የሚያበርድ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር አለ ይባል ነበር። በቤልጂየሙ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ሲለካው (በ2022 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው) ምቱን የሚያበርድ ነገር የለም፣ ጭንቅላቱ እንዳለ መዶሻ ነው። ሲያስቡት ልክ ነው፣ ስፖንጅ የለበሰ መዶሻ ሚስማር አይመታም። የሚያድነው አንጎሉ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። (ይህን ስጽፍ አንድ የምናውቀው ሰው ትዝ አለኝ፣ ስሙን አልጠራም።) ጣቶቹ ሁለቱ ወደፊት ሁለቱ ወደኋላ ናቸው፣ ጭራው ጠንካራ ስለሆነ ግንዱ ላይ ተደግፎበት ይቆማል። ምላሱ ደግሞ ሥሩ በራስ ቅሉ ዙሪያ ከኋላ ተጠምጥሞ የሚመጣ ነው።

እሱን ለማየት ቀና ማለት ስለምድ ሰማዩ ሌላ ሆነብኝ። አሞራው በዛ! እኛ ሁሉንም አሞራ ነበር የምንለው። ቅበላው ትዝ ይልሃል? እማማ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ግዙ ብለው ላኩን፣ ይዘን ስንመለስ ዶሮ ማነቂያ መታጠፊያው ላይ ከየት መጣ ሳንል አሞራው ከእጅህ ላጥ አድርጎት ሄደ። ማግስቱ የሁዳዴ መግቢያ፣ ፊታችን 55 ቀን። እያለቀስን ስንገባ እማማ ስለ ሥጋው አንድም ቃል አልተናገሩም፣ መጀመሪያ ጣቶችህን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ከዚያ የኔን። ከዚያ በኋላ ነው በር ላይ ወጥተው ሰማዩን የሰደቡት፣ ልክ እቁብ እንደካደ ጎረቤት። ቅበላችንን በሽሮ ያዝን።

ያ ሌባ ምንቃረ ቢጫው ጭልፊት ነው፣ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ጭራው እንደ ዓሣ ጭራ የተከፈለ ነው፣ ሲበር ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ጭራውን ብቻ እንደ መሪ እያጠማዘዘ በሁለት ሕንፃ መሀል ያልፋል። እጅህን ሳይቧጥር ሥጋውን ብቻ የወሰደው በዚህ ችሎታው ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ ከሰሜን የሚመጡ ምንቃራቸው ጥቁር የሆነ ዘመዶቹ ይቀላቀሉታል። የራሱ ጫጩቶችም ምንቃራቸው ጥቁር ስለሆነ እኔ እስካሁን እሳሳታለሁ።

እግሬ ሲሻለኝ ለጉዳይ ቄራ ሄጄ ነበር። አባ ኮዳዎቹ አሁንም አሉ፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ቆመዋል። ከነሱ ጎን ያቺ ፊቷ መላጣ ሆኖ ስትናደድ ወይ ስትጓጓ የሚቀላው ትንሿ ጥንብ አንሳ አለች። ልጅ ሆነን ድንጋይ የምንወረውርባት። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምድር ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱት ተርታ ተመዝግባለች። ትልቁ ገዳይዋ መርዝ ነው፣ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ውስጥ የሚደረግ። ድንጋዩ ጸጸተኝ ብልህ ታሾፍብኛለህ፣ ግን ጸጸተኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ ከፍ ብሎ አንድ ትልቅ ቡናማ ነገር ዞረ፣ ጭልፊቶቹ ከሱ አጠገብ እርግብ መሰሉ። ስቴፕ ንስር ይሉታል። የሚፈለፈለው ሩቅ ነው፣ ካዛኪስታን፣ ሩሲያ፣ ሞንጎሊያ። እነዚህ ትልልቅ ወፎች የሚበሩት ከመሬት በሚነሳ ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው፣ ባሕር ላይ ያ አየር የለም፣ ስለዚህ የሚሻገሩት ባሕሩ የሚጠብበትን ፈልገው ነው። የት መሰለህ? ባብ ኤል መንደብ! ከየመን ተነስተው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ አልፈው ጅቡቲ ይወርዳሉ፣ ከኦቦክ ወደ ሰሜን። በ1987 እ.ኤ.አ. ጥቅምት አካባቢ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፍ ነው የቆጠሩት። በአንድ ወቅት ብቻ! ሲመለሱ ግን ስቴፕ ንስሮቹ በሱዌዝ በኩል ነው የሚዞሩት።

ስለዚህ እኔ አራት ኪሎ ላይ የማየው ንስር ባንተ በኩል አልፎ የመጣ ነው። አንተ እዚያ ወደብ ላይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስታገላብጥ ከሰሜንህ ያልፋል። ይሄ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ፣ ጠዋት ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ አርብ መኪና ለምነህ ወደ ኦቦክ ውጣ፣ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያልፋሉ። ካየህ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፍልኝ። ደግሞ ትራንዚተር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ የሚያዘውን እኔም ልዘዝ፣ ሽቶ አልፈልግም፣ ያገለገለ ባይኖኩላር ካገኘህ ያዝልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ።

ዶሮ ማነቂያ ከናንተ ግቢ አንድም ግድግዳ አልቀረም፣ ሰው ሳይነግርህ በፊት ከኔ ስማው ብዬ ነው። ስትመጣ እኔ ጋ ነው የምታርፈው። በረንዳው ሁለት ወንበር ይይዛል። ከታች ሉካንዳ አለ፣ አብረን ወርደን እንገዛለን፣ ሥጋውን የምትይዘው ግን አንተ ነህ።