ስልክሽን ያላነሳሁበት ምክንያት

ሂሩቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ስልክሽን ካነሳሁ ዓመት ሊሞላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

ያን ቀን ስትወጪ በሩ ላይ ዞር ብለሽ «ይቺ ልጅ አትበላም እንዴ?» አልሽኝ። ለሚጡ ስለምትሳሺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ። ትበላለች እኮ! ከእኔ እኩል ትበላለች፣ ግን ጠብ አይልላትም ነበር። ፖፖዋን ሳጥብ ሰገራዋ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ላይ ዘይት ያብለጨልጫል። አፍሬ ላንቺም አልነገርኩሽም።

ለካ ነገሩ ቆሽቷ ኖሯል። ቅባት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ትንሹ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ይጨመቅና ሐሞት ይለቅበታል። ሐሞቱ እንደ ሳሙና ቅባቱን ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበታትነዋል። ቆርጦ የሚያደቀው ግን ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ምግብ የሚሰባብር ንጥረ ነገር ነው። የሚጡ ቆሽት እሱን በበቂ አያመነጭም። ስለዚህ ቅባቱ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችንም ይዞባት ይሄዳል። ከ1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይገኛል፣ ከስኳር 4 ብቻ። ያን ሁሉ ጉልበት ነበር ፖፖ ውስጥ የምደፋው።

አሁን ኢንዛይሙን በካፕሱል ትወስዳለች። የተቆራረጠው ቅባት ወደ አንጀቷ ግድግዳ ይገባል፣ እዚያ ውስጥ መልሶ ይገጣጠማል። ከዚያ፣ ይሄን ስሰማ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት፣ አብዛኛው ወደ ጉበት አይሄድም። ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ በሚያመላልስ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ በግራ በኩል አንገት ሥር ካለው ደም መልስ፣ ደም ወደ ልብ ከሚመልሰው ሥር፣ ይቀላቀላል።

ሁለት ኪሎ ጨመረች! ባለፈው እሑድ የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ አለኝ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እና... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ እንጃ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ሁለት ቀን እወጣለሁ። ሚጡን ካንቺ በቀር የምተውላት ሰው የለኝም። ካፕሱሉን ከፍተሽ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን የመድኃኒት ፍሬዎች በማንኪያ የተፈጨ ፍራፍሬ ላይ ነስንሺና ልክ መብላት ስትጀምር ስጫት። እንዳትፈጪያቸው፣ እሷም እንዳታኝካቸው። ሽፋናቸው ከተሰበረ የጨጓራ አሲድ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። አንቺ ደግሞ ወሬ ከጀመርሽ ሰዓት ትረሻለሽ፣ አውቅሻለሁ፤ በልታ ከጨረሰች በኋላ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ቅባትም አትቀንሺባት፣ ያስፈልጋታል።

ማታ ደውይልኝ። አነሳዋለሁ።