ንጉሠ ነገሥቱን ከጅቡቲ የወሰደችው መርከብ ስም አላት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የሚያዝያ 27ን በዓል ምክንያት በማድረግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ አርበኞቹ የተጻፈው ክፍል ጥሩ ነው። ስለ ስደቱ ግን አንዲት መስመር ብቻ አለች፤ «ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወደ ለንደን ሄዱ» ትላለች። እኔ የምጽፈው ስለዚህች መስመር ነው።

መጀመሪያ፣ መስመሯ ልክ አይደለችም። አፄ ኃይለ ሥላሴን ከጅቡቲ እስከ ለንደን የወሰዳቸው አንድ መርከብ አይደለም። ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱ ደግሞ አንዱ የጦር መርከብ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ያቺ «የእንግሊዝ የጦር መርከብ» ስም አላት። ኢንተርፕራይዝ ትባላለች። የዘጠና ዓመት ታሪካችን ውስጥ ስሟ እየተዘለለ እዚህ ደርሰናል። ስሟን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት ለምን ጅቡቲ እንደተገኘችም ማወቅ ያስፈልገናል እላለሁ። ምክንያቱም ይህን ስናውቅ ስለ ስደቱ የምንከራከርበት መንገድ ራሱ ይለወጣል።

ኢንተርፕራይዝ ቀላል ክሩዘር ነበረች። ክሩዘር ማለት ከግዙፎቹ የጦር መርከቦች ያነሰች፣ «አጥፊ» ከሚባሉት ትናንሽ የጦር መርከቦች የምትበልጥ፣ ፈጣን፣ ሩቅ የምትሄድና ብቻዋን መሥራት የምትችል መርከብ ናት። ግንባታዋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ስኮትላንድ ውስጥ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር፣ በጆን ብራውን የመርከብ መሥሪያ ነው። የታሰበችው ለአንድ ነገር ነበር። ጀርመኖች በጣም ፈጣን ቀላል ክሩዘሮች እየሠሩ ነው ተብሎ ስለተሰጋ እነሱን የምትደርስባቸው መርከብ ተፈለገች። ስለዚህ ፍጥነት ከሁሉም በላይ ሆነ። ርዝመቷ 174 ሜትር ገደማ ነው። ሰማንያ ሺህ የፈረስ ጉልበት ሞተር ተገጠመላት። በሰዓት 33 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 60 ኪሎ ሜትር መሄድ ትችል ነበር።

ግን ገና ሳትወለድ ጠላቷ አለቀ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቆመ። ሦስት እህትማማቾች ይሆናሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ሦስተኛዋ ዩፍራቲስ ወዲያው ተሰረዘች። ኢንተርፕራይዝና እህቷ ኤመራልድ ተረፉ። ኢንተርፕራይዝ በታኅሣሥ 1919 ውኃ ላይ ወረደች። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይቸኩል? ገንዘብ የለም፣ ጦርነትም የለም። ወደ ደቡብ እንግሊዝ፣ ወደ ዴቨንፖርት የመንግሥት መርከብ መሥሪያ ተወስዳ ሥራው ቀስ እያለ ቀጠለ። ተጠናቅቃ ለአገልግሎት የበቃችው በሚያዝያ 1926 ነው። ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በመሀል፣ በ1922፣ ኃያላኑ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው አዲስ ውል ፈረሙ፤ ክሩዘር እስከ 10,000 ቶን፣ መድፉም እስከ 203 ሚሊ ሜትር ይሁን ተባለ። ወዲያው ሁሉም ትልልቅ ክሩዘር መሥራት ጀመረ። ኢንተርፕራይዝ ከ7,500 ቶን እምብዛም አትበልጥም፤ መድፎቿም 152 ሚሊ ሜትር ናቸው። አዲስ ሆና ስትወጣ ጊዜዋ አልፎባት ነበር ማለት ይቻላል።

መዘግየቱ ግን አንድ ጥሩ ነገር አመጣ፤ እኔ በዚህች መርከብ የተሳብኩትም በእሱ ነው። በእህቷ በኤመራልድ ላይ ሰባቱም መድፎች ነጠላ ነጠላ ናቸው። መድፈኛው ከፊቱ የብረት ጋሻ አለው፤ ከኋላው ግን ሜዳ ነው። ነፋሱም ማዕበሉም ያገኘዋል። የአንድ ጥይት ክብደት 45 ኪሎ ነው። ግማሽ ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ጤፍ ተሸክሞ በሚወዛወዝና በረጠበ ብረት ላይ እንደመቆም ነው። ያንን አንስተህ፣ መድፉ ውስጥ አስገብተህ፣ ወዲያው ሌላውን ታነሳለህ። ኢንተርፕራይዝ ላይ ግን የፊተኞቹ ሁለት መድፎች አንድ ላይ ተጠመዱ። ዙሪያውን ዝግ በሆነና በሚሽከረከር የብረት ማማ ውስጥ ገቡ። ይህ ሙከራ ነበር። ሙከራው ተሳካ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት የእንግሊዝ ቀላል ክሩዘሮች መድፋቸውን በዚህ ዓይነት ጥንድ ማማ መያዝ ጀመሩ። በ1939 በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ የጀርመኑን የጦር መርከብ ግራፍ ሽፔን የገጠሙት የእንግሊዝ ክሩዘሮች ኤጃክስና አኪሊስ የዚያ ሙከራ ልጆች ናቸው። የመርከቧን ፎቶ ስታዩ ከፊት አንድ ሰፋ ያለ የመድፍ ማማ፣ ከኋላው ሦስት ጭስ ማውጫ ካያችሁ ኢንተርፕራይዝ ናት፤ ከኤመራልድ የምትለየው በዚያ ማማ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። በኢንተርኔት «ኢንተርፕራይዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአሜሪካውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ነው። ያቺ ግን ውኃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1936 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጅቡቲን ከለቀቁ አምስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የእሷን ፎቶ ከስደቱ ታሪክ ጋር መለጠፍ ጨርሶ አይሆንም።

ታዲያ ጊዜ ያለፈባት ፈጣን መርከብ ምን ትሠራለች? እንግሊዞች ጥሩ ቦታ አገኙላት። በዚያው በ1926 ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ተላከች። አራተኛው የክሩዘሮች ጓድ የሚባለው ክፍል ውስጥ ገባች። ይህ ጓድ ከሴሎን (ከዛሬዋ ስሪ ላንካ) እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኤደን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ይጠብቅ ነበር። የሚጠብቀው ደግሞ ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ ነው። በር ላይ ያለነው እኛ ነን። እንዲያውም በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ የተጫወተው የእንግሊዝ ባሕረኞች የሙዚቃ ጓድ አዲስ አበባ የመጣው ከዚሁ ክፍል ከነበረችው ከኢፊንግሃም መርከብ ነው። እነዚህ መርከቦች ለእኛ እንግዳ አልነበሩም።

አሁን ወደ አንድ አስገራሚ ነገር ልምጣ። ቀኑ ግራ እንዳያጋባችሁ፤ ይህ 1928 የፈረንጆቹ ነው። በኅዳር 1928 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ በምሥራቅ አፍሪካ አደን ላይ ነበር። አባቱ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በጠና ታመሙ። ቶሎ ና ተባለ። የቅርብና የፈጣን መርከብ ያለህ ተባለ። የተገኘችው ኢንተርፕራይዝ ናት። ከዳሬሰላም አሳፍራው፣ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ አቋርጣ፣ ጣሊያን ብሪንዲሲ ወደብ አደረሰችው። ከዚያ በባቡር አገሩ ገባ። ንጉሡም ያን ጊዜ ተረፉ።

እንግዲህ ሌላው 1928፣ የእኛው፣ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ሚያዝያ 25 ጅቡቲ ደረሱ። ሚያዝያ 26 ከእቴጌ መነን፣ ከልጆቻቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ኢንተርፕራይዝ ላይ ተሳፈሩ። በማግስቱ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። መርከቧ ያንኑ የቀይ ባሕር መንገድ፣ ያንኑ የስዊዝ ቦይ ይዛ ሚያዝያ 30 ሐይፋ ደረሰች። አልጋ ወራሹን ባመላለሰችበት ውኃ ላይ ነው የእኛን ንጉሠ ነገሥት የወሰደችው።

አዘጋጁ እዚህ ላይ ትንሽ ቢታገሱኝ። የስዊዝ ቦይ በጦርነቱ ጊዜ ሁሉ ለጣሊያን ክፍት ነበር። ወታደር የጫነው፣ መኪና የጫነው፣ ቦምብ የጫነው መርከብ ሁሉ ያልፍበት ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አላካተተም። እንግሊዝ በሜዲትራኒያን ያለውን ትልቁን መርከበኛ ጦሯን ወደ እስክንድርያ አምጥታ ነበር፤ አንድ ጥይት ግን አልተኮሰችም። ኢንተርፕራይዝም እንደዚያው። መንገዱን ልትጠብቅ እንጂ መንገዱን በጣሊያን ላይ ልትዘጋ አልተላከችም። የሚያሳዝነው ሰባት መድፏ አይደለም፣ ትእዛዟ ነው።

ለጉዞው የተቀመጠውም ሁኔታ ይህንኑ ይናገራል። የእንግሊዝ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን ለመውሰድ ሲስማማ፣ በጉዞው ላይ ጦርነቱን በሚያግዝ ምንም ነገር እንዳይሳተፉ ብሎ ነው። ሐይፋ ላይ ወርደው ኢየሩሳሌም ገቡ። ያን ሰሞን ፍልስጥኤም ራሷ ሰላም አልነበረችም፤ የዓረቦቹ አጠቃላይ አድማ በሚያዝያ ተጀምሮ ነበር። ግንቦት 15 ከሐይፋ ሌላ ቀላል ክሩዘር ወሰደቻቸው። ስሟ ኬፕታውን ነው። እሷም እስከ ጅብራልታር ብቻ ናት። ከዚያ ኦርፎርድ ወደምትባል የመንገደኞች መርከብ ተዛወሩና ግንቦት 26 ሳውዝሃምፕተን ወረዱ። በጦር መርከብ እንግሊዝ ቢገቡ ንጉሣዊ አቀባበል ይጠይቃል፤ ጣሊያንንም ያስቀይማል። ስለዚህ የመጨረሻውን መንገድ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሆነው ሄዱ። ለንደን ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ተቀበላቸው። ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም፤ ወንድማቸውን የግሎስተርን መስፍን ላኩ። ንጉሡ ማን ነበሩ? ከስምንት ዓመት በፊት ኢንተርፕራይዝ ከዳሬሰላም ያፈጠነችው ኤድዋርድ ነው። አሁን ኤድዋርድ ስምንተኛ ተብሎ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሦስት መርከብ ነበር» ያልኩት ለዚህ ነው። «በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ለንደን» የሚለው አጭር መስመር ይህን ሁሉ ይውጠዋል። አንባቢው እንግሊዝ መርከቧን ልካ፣ አክብራ፣ እስከ ቤቷ የወሰደቻቸው ይመስለዋል። ወይም በተቃራኒው፣ መርከብ ተዘጋጅቶላቸው ጥለውን ሄዱ ብሎ ይናደዳል። ሁለቱን ዓይነት ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም በየስብሰባውና በየፌስቡኩ አለ። ይውጡ አይውጡ የሚለውን እዚህ አልገባበትም፤ በጊዜው መኳንንቱም ተከራክረውበታል። መርከቧ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። ኢንተርፕራይዝ ለእኛ ተብላ የመጣች አይደለችም። ለዓመታት በዚያ መስመር ስትመላለስ ነበር። ከሕንድ መንገድ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ነገር ሲነሳ የምትጠራ መርከብ ናት። ሚያዝያ 1928 ላይ የጠራት መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን እጅ እንዲወድቁ አልፈለገም፤ ጣሊያንን መግጠምም አልፈለገም። ኢንተርፕራይዝ፣ ኬፕታውንና ኦርፎርድ በተራ በተራ ሲቀባበሏቸው ያ ፖሊሲ በግልጽ ይታያል። ስማቸውን ስንተው ፖሊሲውም ከታሪኩ ይጠፋል።

ስለ መርከቦቹ መጨረሻ የሚጠይቅ ካለ በአጭሩ ልጨምር። ኢንተርፕራይዝ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ተዋግታለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1942 ጃፓኖች በሕንድ ውቅያኖስ ካሰጠሟቸው ሁለት የእንግሊዝ ክሩዘሮች የተረፉትን ከሺህ በላይ ሰዎች ከባሕር ካወጡት ሦስት መርከቦች አንዷ ናት። በታኅሣሥ 1943 ግላስጎው ከምትባል ሌላ የእንግሊዝ ክሩዘር ጋር ሆና በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ሦስት የጀርመን መርከቦች አስጥማለች። በ1944 ጦሩ ፈረንሳይ ኖርማንዲ ላይ ሲያርፍም ነበረች። በ1946 ለብረቷ ተሸጠች። ኬፕታውን ደግሞ በሚያዝያ 1941 ምጽዋ አጠገብ የጣሊያን ፈጣን ጀልባ በቶርፔዶ መታት። ያ የሆነው ምጽዋ ከጣሊያን እጅ በወጣችበት ሰሞን ነው፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ስለ ሚያዝያ ስትጽፉ «የእንግሊዝ የጦር መርከብ» ከማለት ይልቅ ኢንተርፕራይዝ በሉ። ኬፕታውንንና ኦርፎርድንም አትርሱ። ፎቶ ስታወጡ የፊተኛውን የመድፍ ማማ አይታችሁ አውጡ። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ላይ የምትሠሩ አንባቢዎች ካላችሁም ይህችን አንድ መስመር ብታስተካክሏት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ