አንድራ ዩኒቨርሲቲ የት ተወለደ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በደቡብ ህንድ ስላለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ 100ኛ ዓመት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን «ምናልባት እኔ ይሆን የተሳሳትኩት?» ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። «ከተመሠረተ ጀምሮ ከቪሳካፓትናም ኮረብታ ሳይነቃነቅ» ብላችኋል።

ሳይነቃነቅ! ይኼ ዩኒቨርሲቲ እኮ እንደ ቤት ተከራይ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዞር የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሥራ የጀመረው ቤዝዋዳ በምትባል ሌላ ከተማ ነው። ያኔ በእንግሊዞች የማድራስ ግዛት ሥር የነበሩ ቴሉጉ ቋንቋ ተናጋሪ ህንዶች የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ይኑረን ብለው ያገኙት ነው። የት ይሁን በሚለው ግን ብዙ ተነታርከዋል። በ1930 ወደ ዋልቴር፣ ማለትም እናንተ ወዳያችሁት ኮረብታ ወጣ። በ1942 ጃፓን ቪሳካፓትናምን በቦምብ ደበደበች። ሕንፃዎቹን ጦሩ ያዛቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም ጓዙን ጠቅልሎ ጉንቱር ገባ። ጦርነቱ እስኪያልፍም እዚያው ቆየ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ጋዜጠኛን አይመለከትም እንዴ?

«ለአንድ የከተማ ስም ይኼ ሁሉ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጉንቱርን እኔ የማውቃት በበርበሬዋ ነው። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቴን ስሠራ በዶርም ፎቃችን አራት ኢትዮጵያውያን ነበርን። ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ ሁለት ወር አይቆይም። ሲያልቅ ከገበያ የጉንቱር ዛላ ገዝተን፣ ከኮረሪማ ጋር አስፈጭተን እንጠቀም ነበር። የወጡ ቀለም ቁርጥ የእናቴ፤ እሳቱ ግን ዓይን ያስለቅሳል። ዩኒቨርሲቲው በክፉ ቀን የተጠጋባት ከተማ እኛንም መግባናለች። እናንተ ሁለታችንንም ዘለላችሁን። ከውጭ ስለመጡ ተማሪዎች «አንዳንድ አፍሪካውያን» ብላችሁ አለፋችሁ። አንዳንድ! ዛሬ አገር ቤት ስንት ክፍል ውስጥ የዚያ ግቢ ምሩቅ ቾክ ይዞ እንደቆመ ጎረቤታችሁን ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር።

እኔማ ለምጄዋለሁ። ተመርቄ ስመለስ ዲግሪዬ «እስኪጣራ» ስምንት ወር ተመላልሻለሁ። የቢሮው ሰውዬ ወረቀቴን እያገላበጠ «ህንድ ነው እንዴ?» ብሎ ፈገግ ሲል አሁንም ይታየኛል። ዘገባችሁን ሳነብ ያቺው ፈገግታ መጣችብኝ።

ደግሞ የራዳክሪሽናንን ፎቶ ለጥፋችሁ «መሥራቹ» አላችሁት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኋላ የህንድ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ዩኒቨርሲቲውን የመሩት ግን ከ1931 ጀምሮ ነው። ከሳቸው በፊት ራማሊንጋ ሬዲ ነበሩ። እንግሊዞች በጋንዲ የጨው ተቃውሞ ሰልፈኞች ላይ ዱላቸውን ሲያበረቱ፣ ሬዲ በ1930 ወንበራቸውን ጥለው ወጡ። ወንበር መልቀቅ ዜና አይሆን ይሆናል፤ በኛ ሰፈር ግን ብርቅ ነው።

እርማት የምታወጡ ከሆነ አንድ ነገር ልርዳችሁ። ቤዝዋዳ ዛሬ ቪጃያዋዳ ትባላለች። አንድ ከተማ ናት። አደራ፣ ሁለት አድርጋችሁ እንዳትጽፏት።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ