ከፍሎረንስና ከሮም መልስ፣ ለጓደኛዬ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጀመሪያ የጠፋው ማን ነው ብለን መቁጠር ከጀመርን ደብዳቤው በዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ተይው። ባለፈው እህትሽ ደውላ "እሷና ባሏ ጣሊያን ሊሄዱ ነው" ስትለኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። እኛ እኮ ከዚያ የመጣነው በቅርቡ ነው! ልደውልልሽ አሰብኩ። ግን ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። አንቺ ደግሞ ስልክ ላይ "እሺ፣ እሺ" እያልሽ ትዘጊዋለሽ። በይ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ባለቤቴን ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ ፎርማን ሆኖ ሲሠራ፣ "ሥዕል ሲባል የሚያውቀው የባንክ ካላንደር ላይ ያለውን ነው" እያልሽ ትስቂበት ነበር። እዚህ ጀርመንም ከግንባታ አልወጣም። እኔ ደግሞ አንድ ሥዕል ፊት ከቆምኩ ከዚያ የሚያነሳኝ የለም። ስንቴ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ጥለሽኝ ወጥተሽ በር ላይ በቆሎ እየበላሽ ጠብቀሽኛል!

እናም ፍሎረንስ ገብተን መጀመሪያ ኡፊዚ ሙዚየም ሄድን። የቦቲቼሊ "የቬነስ ልደት" ፊት ሰው ግጥም ብሎ ቆሟል። ከሥዕሉ ይልቅ የሚታየው ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ነው። እኔ በሰው ትከሻ መሀል አንገቴን አስግጌ ሳይ፣ ባለቤቴ ቀጣዮቹን ክፍሎች አዳርሶ ተመልሷል። "ጨረስሽ?" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ጨረስሽ?" እኔም "ሳህን መሰለህ እንዴ የሚጨረሰው?" አልኩት። ተኮራረፍን። ለዚህ ነው እንግዲህ ዩሮ ከፍለን የመጣነው!

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሕግ አወጣን። እናንተም ብታወጡት ይጠቅማችኋል። ሙዚየም በር ላይ እንለያያለን። እያንዳንዱ በራሱ እግር ይሄዳል። በተቀጠረው ሰዓት ስንገናኝ፣ አንዱ ሌላውን ወደ አንድ ነገር ብቻ ይወስደዋል። አንድ ብቻ። ሁለተኛ ላሳይህ ያለ ቡና ይጋብዛል። አስቢው፣ ከዚያ ሁሉ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ መምረጥ ማለት ባልሽን ማወቅ ማለት ነው። "ይሄን ቢያይ ምን ይላል?" እያልሽ ነው የምትዞሪው። ብቻሽን እየሄድሽ አብራችሁ ናችሁ።

ያን ቀን እኔ የወሰድኩት ወደ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ ሥራ ነው። የኡርቢኖው መስፍን ፌዴሪኮና ሚስቱ ባቲስታ፣ በሁለት ትንንሽ ሰሌዳ ፊት ለፊት እየተያዩ ተሥለዋል። ሁለቱም የሚታዩት በጎን ነው። ፌዴሪኮ በጦር ጨዋታ ቀኝ ዓይኑን ስላጣ በግራ ጎኑ ነው የተሣለው። አፍንጫው ከግንባሩ ሥር ተቆርጦ የወጣለት ይመስላል። እሷ ደግሞ ፊቷ ነጭ፣ ደም የሌለው ነው። በ1472 ነው የሞተችው፤ ሥዕሉ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ።) ከኋላቸው ሸለቆው፣ ውሃው፣ ኮረብታው ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ይቀጥላል። ባለቤቴ ዝም ብሎ አየ። በጀርባም ሥዕል ስላለው ዞሮ አየ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? "እኛ ብንሣል አንቺ በየትኛው ጎን ነው የምትሆኚው?" የባንክ ካላንደሩ ሰውዬ!

የሱ ተራ ሲደርስ ጉድ ፈላ። እሱ የመረጠው ሥዕል ሳይሆን የካቴድራሉን ጉልላት ነው። 463 ደረጃ። ሊፍት የለም። "ከታችም ይታያል እኮ" ብለው "ሕግ ሕግ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቴድራሉ በ1296 ተጀመረ፤ ጉልላቱ የሚያርፍበት ቦታ ግን ብዙ ዘመን ክፍቱን ቆየ። ያን የሚያህል ስፋት፣ ከአርባ ሜትር በላይ፣ ከሥር በእንጨት ደግፎ ለመሥራት የሚበቃ እንጨት ከየት ይምጣ? ብሩኔሌስኪ የሚባለው ሰው ያለ ድጋፍ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሳ። በ1420 ጀምሮ በ1436 ጨረሰው። ጉልላቱ ድርብ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። ደረጃው የሚወጣው በሁለቱ መሀል ነው፣ ትከሻሽ ግድግዳውን እየነካ። ባለቤቴ መሀል ላይ ቆሞ በመዳፉ ጡቡን መታ መታ አደረገው። "እይው፣ እዚህ ጋ ጡቡን አቁሞታል፣ እዚህ ጋ አስተኝቶታል። የዓሣ አጥንት ይመስላል አይደል? ማያያዣው ኖራ እስኪደርቅ እንዳይንሸራተት እርስ በርሱ ያያዘው በዚህ ነው።" ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ይተነፍሳል። እሱ ግድ የለውም። እራት ላይ ደግሞ ስለ በሬዎቹ ቀጠለ። ብሩኔሌስኪ በበሬ የሚሠራ ዕቃ ማንሻ ፈልስፎ ነበር፤ በሬዎቹን መልሶ ሳያዞር ዕቃውን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያመላልስ ማርሽ ነበረው። ፓስታዬ በረደ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲያወራ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ድሮ ካሳንቺስ የያዘውን ሕንፃ ሊያሳየኝ ሲወስደኝ የነበረው ነው። ለብዙ ጊዜ አላየሁትም ነበር።

በነገራችን ላይ ወደ ላይ ስትወጡ ጉልላቱ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል አጠገባችሁ ነው። ቫሳሪ ጀምሮት ዙካሪ ነው የጨረሰው። ከታች ትንሽ የሚመስለው ሰይጣን ከዚያ ሲታይ የሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ልቤ ድንግጥ አለች። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ሰዓት ይዛችሁ ግዙ፤ እዚያው ደርሶ መግዛት አይታሰብም።

የማይክል አንጄሎን የዳዊት ሐውልት ለማየት አካዴሚያ ሙዚየም ሄድን። እርግጥ ነው ያምራል። 5 ሜትር ከ17 ነው፤ ከርቀት በኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲል ትንፋሽ ያሳጣል። ግን ቀርበሽ ቀኝ እጁን እዪው። ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም፣ ትልቅ ነው። የደም ሥሩ ተወጥሯል። ገና ድንጋዩን አልወረወረም፤ ጎልያድን እያየው ነው። የእኛ ሰዎች ዳዊትን በበገና ነው የምናውቀው፤ ይሄኛው ልቡ የሚመታ ጎረምሳ ነው። ባለቤቴ ግን ያተኮረው እብነ በረዱ ላይ ነው። ሌሎች ጀምረውት፣ አበላሽተውት፣ አሥርት ዓመታት ሜዳ ላይ ተጥሎ የነበረ ድንጋይ ነው፤ ማይክል አንጄሎ በ26 ዓመቱ በ1501 ተረከበው። "ሌላ ኮንትራክተር ጀምሮ የተወውን ሥራ መረከብ ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ" አለ። ተሜ ቢመራመር እንዲህ አይለውም።

ለአንቺ ለብቻሽ የማስቀምጥልሽ ሳን ማርኮን ነው። የድሮ ገዳም ነው፣ ወረፋው እዚህ ግባ አይባልም። በጠዋት ሂዱ። ፍራ አንጄሊኮ የሚባል መነኩሴ የወንድሞቹን መኝታ ክፍሎች በየግድግዳው ሥሎባቸዋል፤ ከ40 በላይ ናቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ ትንሽ መስኮት፣ አንድ ሥዕል። (ገንዘቡን ያወጣው ባለጸጋ ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ ግን ለራሱ ሁለት ክፍል አስይዟል። የትም ያው ነው።) ደረጃውን ወጥተሽ ቀና ስትይ ብሥራቱ ይቀበልሻል። ገብርኤል ክንፉ በቀለም በቀለም የተሰመረ ነው። እመቤታችን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ እናቶቻችን ቡና እንደሚያፈሉባት ያለች የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዙፋን የለም። ከሥሩ በላቲን ተጽፏል፤ በዚህ ስታልፍ ሰላምታውን ሳትል እንዳታልፍ፣ ነው የሚለው። እኔም "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል" ብዬ ጀመርኩ። ዞር ስል ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ደረጃው ላይ ቆሟል። ያን ቀን የኔ ምርጫ ይሄ ነው ብዬ ልወስደው አስቤ ነበር፤ ቀድሞኝ መጣ።

ከዚያ ወደ ሮም፣ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሮም ሁሉም ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉንም እንይ ካላችሁ አንዱንም አታዩትም። ቫቲካን ሙዚየምን ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ተገፋፉ፣ እኔ አልመክርም አልከለክልም።

ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ግን በምንም እንዳታልፉት። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። መግቢያው ነፃ ነው፤ ትከሻ ይሸፈናል፣ እኔ ነጠላዬን ጣል አደረግኩ። ወደ ውስጥ ዘልቀሽ በግራ በኩል ካለው ጸሎት ቤት መሠዊያ ላይ፣ ከፍ ብላ፣ በወርቅና በከበረ ድንጋይ ተከባ አንዲት ሥዕል አለች። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ፣ እጆቿን አነባብራ፣ ጨርቅ ይዛለች። ልጁ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዟል፣ በሌላው ይባርካል።

ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ቆምን። ማንም ማንንም አልወሰደም። "ይቺ እናቴ ቤት ያለችው ናት" አለኝ። የኔም እናት ቤት ያለችው ናት። እማማ አልጋ ራስጌ ያለችውም እሷው ናት። ምስለ ፍቁር ወልዳ!

ታሪኩን ኋላ አነበብኩት። በ1569 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ አምስተኛ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ይህችን ሥዕል እንዲያስቀዱ ፈቀዱላቸው። ቅጂው ሚሲዮኖቻቸው ባሉበት ሁሉ ተላከ፤ እኛም ጋ ደረሰ። ኢየሱሳውያኑን በአፄ ፋሲል ጊዜ አባረርናቸው፤ ሥዕሏን ግን አስቀረናት። ሠዓሊዎቻችን ዓይኗን አተለቁት፣ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስይዘው ግራና ቀኝ አቆሙላት፣ ልብሷን በራሳችን ቀለም አደመቁት። ኩረጃ እንዳትይው። እኔ እንደውም የሮማዋ ጠቆር ብላ፣ ራቅ ብላ ስትታየኝ የኛዋ በለጠችብኝ። ባለቤቴ "ለዘመድ ታዳያለሽ" አለኝ። አዎ፣ አዳላለሁ። ደግሞ በጠዋት ሂዱ፤ ፖፕ ፍራንሲስ በ2025 እዚያው ጎን ስለተቀበሩ ሰልፉ ረጅም ነው።

ተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ፣ ዛፍ ሥር አለ። የለገሃሩ አንበሳ ተዘርፎ የቆመው፣ ዘርዓይ ደረስም ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ሐውልት ዘንድ ነው። ቱሪስቱ ሻንጣውን እየጎተተ ዝም ብሎ ያልፋል። እኛ ትንሽ ቆመን ሄድን።

ሌላው የባለቤቴ ምርጫ ደግሞ የሌለ ሐውልት ነበር። ኪርኮ ማሲሞ ከሚባለው የጥንት የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ አጠገብ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንፃ ፊት፣ የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመበት ቦታ። በ2005 ተመልሷል፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። "ታዲያ ምን ልናይ ነው?" አልኩት። "አለመኖሩን" አለኝ። በዚያ ሐሩር! ሄድን፣ መኪና ሲዞር አየን፣ ፎቶም ተነሳን። ከፎቶዎቻችን ሁሉ የምወደው እሱ ሆኗል፤ ሁለት ኢትዮጵያውያን ባዶ ቦታ ይዘው ጥርሳቸውን ያሳያሉ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልሽም። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፣ መቀመጥ ያስከፍላል። ሮም መንገድ ላይ የሚፈሰው ቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ ኮዳ ያዙ። እንጀራ ካማራችሁ ተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ቤት አይጠፋም። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞች ነፃ ናቸው፤ ግን ወረፋው ከትኬቱ ይብሳል። ሰኞ ደግሞ ኡፊዚም አካዴሚያም ዝግ ናቸው፣ ቀናችሁን አስተካክሉ።

ለባልሽ ምቹ ጫማ ግዢለት፣ የሠርጉን ጫማ አድርጎ እንዳይመጣ። የምትሄዱበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ከተመቸን እኛም ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ወጥተን እናገኛችኋለን፣ በዚያ የምታልፉ ከሆነ። በርበሬ ካመጣሽልኝ አልቆጣም። ከሁሉም በላይ ግን አንቺ እሱን ወደ የቱ፣ እሱም አንቺን ወደ የቱ እንደወሰደሽ ልትነግሪኝ ነው፤ አሁኑኑ ቃል ግቢልኝ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጆቹንም።

የዘወትር እህትሽ