ለጣና ዳር ቤት የሚስማማ የአትክልት ቦታ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር አዲስ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን በሥዕል ያዩትን ሰፊ የሣር መስክ በግቢያቸው ለመድገም ሲደክሙ ስለማይ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። የከተማችን ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ በመሆኑ፣ በክረምት የለመለመው ሣር በበጋ ያለማቋረጥ ውኃ ይፈልጋል።

እኔ የመረጥሁት ቡናው በትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበትን የዘጌን አብነት ነው። ከዋንዛው ሥር ቡና፣ ከጓዳው በር አጠገብ ደግሞ ጌሾ፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተክያለሁ፤ ቤቴ ዝቅ ያለ፣ እኔም እንግዳ በጥላ ሥር ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ማየት የምወድ ስለሆንሁ ይህ ይስማማኛል። አበባ የሚወድ ጎረቤቴ ጽጌረዳን ቢያስበልጥ ተገቢ ነው፤ ግቢው ጠባብ የሆነበትም በአጥሩ ላይ ሐረግ ማሳደግ ይችላል።

አጥብቄ የምለምነው ግን በግቢያቸው ኩሬ ለማበጀት የሚያስቡትን ነው። ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን፣ በብዙ አገሮች የተሰራጨው በሐምራዊ አበባው ውበት ምክንያት ለኩሬ ጌጥነት እየተወሰደ ነው። ስለዚህ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማንም ሰው ከሐይቁ ነቅሎ ወደ ግቢው እንዳያስገባው እማጸናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር