መጀመሪያ የግዢ መዝገቡ ይከፈት፦ ለከተማችን ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ዘላቂና አካታች የአካባቢ ኢኮኖሚ ዕድገት ለማምጣት ያወጣችሁትን ረቂቅ ዕቅድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ብዙ የተደከመበት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ሥራ ላጡ ወጣቶች፣ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች ቦታ ሰጥታችኋል። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ዕቅዱ የሚያወራው ገና ስለሚመጣ ገንዘብ ነው። ስለሚመጣው ባለሀብት፣ ስለሚገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ስለሚሳበው ቱሪስት። ዛሬ በእጃችሁ ስላለው ገንዘብ አንድም ምዕራፍ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

በእጃችሁ ያለው የምለው ግዢውን ነው። ከተማ በየዓመቱ ወንበር ይገዛል። የደንብ ልብስ ያሰፋል። ጣሪያ ያስጠግናል፣ ቢሮ ያስጸዳል፣ ቦይ ያስቆፍራል። ይህ ገንዘብ ባለሀብት መጣ አልመጣ ይወጣል። ለማን እንደሚወጣ ነው ማንም የማይጠይቀው።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ከደንበኞቼ አንዱ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለው፤ ሰባት ሠራተኞች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የወንበርና ጠረጴዛ ጨረታ አሸነፈ። በዚያ ቀን ደስታው ልክ አልነበረውም። ሌሊት ጭምር እየበየዱ በስድስት ሳምንት ጨረሱ። ርክክብ ተፈረመ። ዕቃው ላይ አንዲት ቅሬታ አልቀረበም።

ከዚያ ክፍያው ቆመ። ፋይሉ ፊርማ ላይ ነው ተባልን። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። አንድ ቀን ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ደብዳቤዎቹን የምጽፍለት እኔ ስለነበርኩ ቀኖቹን አልረሳቸውም። በሦስተኛው ወር ሁለት በያጆቹን አሰናበተ። በአምስተኛው ወር ከሁለቱ የብየዳ ማሽኖች አንዱን ሸጠ። ለሂሳብ ሥራ ስሄድ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በጥላሸት በጠቆረው ወለል መሃል፣ አንድ ንጹህ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው፤ አይረግጠውም።

ገንዘቡ በስምንተኛው ወር ገባ። ሳንቲም አልጎደለም። ወለድም አልተጨመረበትም። ቀጣዩ ጨረታ ሲወጣ ግን ሰነዱን አልገዛም። «ይሄ አቅም ላለው ነው» አለኝ። ልክ ነው። ስምንት ወር ያለ ክፍያ መቆየት የሚችል ትልቅ ድርጅት ብቻ ነው። ስለዚህ ማንም «ትናንሾቹ አይግቡ» ብሎ ሳይጽፍ ትናንሾቹ ይወጣሉ።

ለዚህ መድኃኒት አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕዳቸውን በ30 ቀን መክፈል አለባቸው። ለጥቂት ልዩ ሁኔታዎች እስከ 60 ቀን ይፈቀዳል። ከዘገዩ፣ አቅራቢው ማስጠንቀቂያ መጻፍ ሳያስፈልገው ወለድ ይቆጠርባቸዋል። ሁሉም አገር በወጉ ይፈጽመዋል ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ግን የመዘግየቱ ዋጋ በአዘገየው ላይ ያርፋል። እኛ ዘንድ ያረፈው በሁለት በያጆች ላይ ነው።

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ፕሬስተን የሚባል ከተማ አለ። ለዓመታት ተስፋውን የጣለው በአንድ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ፕሮጀክት ላይ ነበር። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሸፈ። ምክር ቤቱ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ራሱ ቤት አዞረ። በከተማው ካሉት ትላልቅ ተቋማት፣ ከፖሊስ፣ ከኮሌጆችና ከቤቶች ድርጅት ጋር ተቀምጦ ከማን እንደሚገዙ መቁጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012/13 የበጀት ዓመት ለግዢ ካወጡት ገንዘብ ከተማው ውስጥ የቀረው 5 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2016/17 ወደ 18 ከመቶ ደረሰ። ዙሪያውን ካለው የላንካሻየር አውራጃ ጋር ሲደመር ደግሞ ከ39 ወደ 79 ከመቶ ወጣ። ይህ የሆነው ጠቅላላ ወጪያቸው እየቀነሰ ሳለ ነው። ብዙ ስላወጡ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚሄድበትን አይተው ስላቀኑት ነው።

አንዱ ዘዴያቸው ትልቅ ጨረታን መከፋፈል ነበር። የአውራጃው ምክር ቤት የትምህርት ቤቶችን የምግብ አቅርቦት በአንድ ጥቅል ከማውጣት ይልቅ እርጎውን ለብቻ፣ እንቁላሉን ለብቻ፣ ወተቱን ለብቻ አወጣው። ያን ጊዜ የአካባቢው አምራቾች መወዳደር ቻሉ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ለማንም አልተዳላም። በሩ ሰው በሚያስገባ ልክ ተሠራ እንጂ።

የእኛ ጨረታዎች በጥቅል ነው የሚወጡት። ሁለት መቶ ወንበር የሚችል ሰው፣ ጨረታው ስድስት ሺህ ስለሚል ይቀራል። የጨረታ ማስከበሪያው ሌላ ጣጣ ነው። ትንሽ ድርጅት ያንን ገንዘብ ባንክ ካስያዘ ብረት የሚገዛበት የለውም። የቀድሞ ሥራ ማስረጃ ደግሞ አለ፤ ሥራ ለማግኘት ሥራ አግኝተህ ማወቅ አለብህ። እነዚህን ሦስቱን ካላነሳችሁ ዕቅዳችሁ ላይ ያለው የሥልጠና ምዕራፍ ምን ይሠራል? ወጣቱን ብየዳ አስተምራችሁ የት ልትልኩት ነው?

የምትሰጉትን አውቃለሁ። «የአካባቢ አምራች» በሚል ስም ጨረታው ለዘመድ አዝማድ ይሰጣል የሚል ሥጋት አለ። እኔም እሰጋለሁ። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት መዝገቡ ይከፈት የምለው። ማን አሸነፈ፣ በስንት፣ በስንት ቀን ተከፈለው፤ ይህ በየሦስት ወሩ ለሕዝብ ይውጣ። ሰው በሚያየው መዝገብ መዳላት ይከብዳል። ከጎረቤት ከተማ የሚመጣውንም አትከልክሉ። ጥራትና ዋጋም አይዘንጋ።

ወደ ሌላ ልለፍ። ዕቅዱ የጎዳና ላይ ነጋዴዎችን የሚያነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም «የከተማ ገጽታ» በሚለው ርዕስ ሥር። ይህ በጣም አሳዝኖኛል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ሥራ ካለው ሰው ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆነው፣ ማለትም 2 ቢሊዮን ሕዝብ፣ የሚሠራው በኢመደበኛው ዘርፍ፣ ማለትም ባልተመዘገበ ወይም የሕግ ከለላ በሌለው ሥራ ነው። እነዚህን ሰዎች ከኢኮኖሚ ምዕራፍ አውጥቶ ከውበትና ጽዳት ጋር መደርደር አካታች አይባልም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የጎዳና ነጋዴዎች ሕግ በየከተማው ኮሚቴ እንዲቋቋም ደንግጋለች። ከአባላቱ ቢያንስ 40 ከመቶው ነጋዴዎች ራሳቸው የሚመርጧቸው ናቸው፤ ከእነሱም ሲሶው ሴቶች መሆን አለባቸው። ነጋዴዎቹ ተቆጥረው ምስክር ወረቀት እስኪያገኙ ድረስ ማንም ሊያነሳቸው አይችልም። መጀመሪያ ቆጠራ፣ ከዚያ ሌላው። የእኛ ዕቅድ ግን ሳይቆጥር ያነሳል።

«ዘላቂ» ስለሚለውም አንድ ቃል ልጨምር። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ቆሻሻ እየለዩ በመሸጥ የሚኖሩ ሰዎች ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከተማው ለሚሰጡት አገልግሎት ይከፍላቸው ጀመር። ከተማውን ከቆሻሻ ያተረፉት እነሱ ናቸውና ይገባቸዋል። እኛም አካባቢን መጠበቅና ድሃን መጥቀም ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው ብለን ማሰብ የለብንም። የተሰበረ ወንበር የሚያስጠግን ከተማ አዲስ ከሚገዛ ይልቅ ብረትም ይቆጥባል፣ ለበያጁም ሥራ ይሰጣል።

እናቶችን በተመለከተ የሥልጠና ማዕከሎቹ የሕጻናት ማቆያ ይኑራቸው። ስለዚህ ዕቅዱ ምንም አይልም።

ስለዚህ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት እንዲህ አድርጉልን። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተማው ምን እንደገዛ፣ ከማን እንደገዛ፣ በስንት ቀን እንደከፈለ ቁጠሩና አውጡት። የ30 ቀን ክፍያ በከተማው ደንብ ውስጥ ይጻፍ፤ ለሚዘገየው ወለድ ይታሰብ። ለትናንሽ ጨረታዎች ማስከበሪያው ይነሳ ወይም ይቀንስ። ትልልቆቹ ይከፋፈሉ። የጎዳና ነጋዴዎች ራሳቸው የመረጧቸው ተወካዮች ዕቅዱን በሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጡ።

ያ ደንበኛዬ አሁንም እየሠራ ነው፤ በአንድ ማሽን፣ ከሦስት ሰው ጋር። የሚቀጥለው የወንበር ጨረታ ሲወጣ ሰነዱን ይግዛ ወይስ ይተወው ብሎ እኔን መጠየቁ አይቀርም። ከዚያ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትናንሽ ድርጅቶች የሂሳብ ባለሙያ