እማዬ ልበልሽ ወይስ እማሆይ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ከወደቅሽ ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ሆኖሻል አሉ፣ እኔ ግን የሰማሁት ትናንት ነው፣ ያውም የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ስለ ሌላ ነገር ስናወራ አምልጦት። ለምንድነው የማይነገረኝ? እንዳልጨነቅ ብላችሁ ከሆነ እኔን የሚያስጨንቀኝ አለመነገሩ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ደህና ናት ባላችሁኝ ቁጥር ምን ደብቃችሁኝ ይሆን እያልኩ ነው የማድረው። በነሐሴ ጭቃ፣ በዛ ብርድ፣ ሌሊት ለኪዳን ጸሎት ለመድረስ ብቻሽን በትር ይዘሽ መውጣትሽን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ አጠራሩ ልንገርሽ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። አጠገብሽ ሰው ሲኖር "እማሆይ እንዴት ነዎት" እላለሁ፣ ብቻሽን ስትሆኚ እማዬ ይመጣል። እርስዎ ስልሽ ሌላ ሰው የማናግር ይመስለኛል፣ አንቺ ስልሽ ደግሞ ቆብሽን ያላከበርኩ እየመሰለኝ እሳቀቃለሁ። ዛሬ አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው። ይህን የምታነብልሽ ልጅ እንደ ድፍረት እንዳትቆጥርብኝ፣ እናቴ ስለሆነች ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ናሆም ዘንድሮ ፍልሰታን እስከ ስድስት ሰዓት እየጾመ ነው፣ ማንም አላስገደደውም፣ ጠዋት ተነስቶ "ዛሬም ጾም ነው አይደል" ይለኛል። አቡነ ዘበሰማያትን በቃሉ ያዘው፣ አነጋገሩ የፈረንጅ ነው ግን ቃል አይስትም። ሶልያና መዝሙር ላይ በጣም ጎበዝ ናት፣ ከበሮው ካልተሰጠኝ ብላ ታለቅሳለች። ቁመታቸውን ብታዪ... የላኩልሽን ፎቶ ልጅቷ አሳየችሽ? ወይስ እሱንም ማየት አቃተሽ?

ሥራዬ ያው ነው፣ እዛው ሜሪላንድ የአረጋውያን ቤት፣ ናይት ሺፍት። የምገባው በኛ ማታ አምስት ሰዓት ነው፣ በናንተ ንጋት 12 ሰዓት። ዩኒፎርሜን ስለብስ ሁሌ ይቺን ሰዓት አስባታለሁ፣ አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እኔ ስገባ። እዚህ እጅ ስንታጠብ ቢያንስ 20 ሰከንድ ነው የሚሉን፣ ሌሎቹ በልባቸው ይቆጥራሉ፣ እኔ 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እላለሁ፣ ልክ ይመጣል። በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምታጠብ ብታውቂ፣ መቁጠሪያ ባልይዝም 41ዱ እግዚኦታ ስንቴ እንደሚሞላ እንጃ።

አንዲት እናት አሉ፣ ልጆቻቸውን ከረሱ ቆይተዋል፣ የራሳቸውንም ስም አንዳንዴ ነው የሚያስታውሱት። ሌሊት ይነቁና "እናቴ መጣች?" ይሉኛል። መጀመሪያ አካባቢ ምን እንደምመልስ ይጨንቀኝ ነበር፣ አሁን ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥቼ እግራቸውን እነክርላቸዋለሁ፣ እሱ ያረጋጋቸዋል። ጣቶቻቸው መጀመሪያ ይኮማተራሉ፣ ከዛ ቀስ በቀስ ይፈታሉ። ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፣ ፎጣ ከፈተግሽበት ይላጣል፣ ስለዚህ በየጣቱ መሀል ጫን እያረግሽ ብቻ ነው የምታደርቂው፣ መቸኮል አይቻልም። እዛ ላይ ተንበርክኬ አንድ ዝምታ ይመጣል እማዬ። ጸሎቴን ልበል ብዬ ጀምሬ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ ቃሉም ይጠፋብኛል፣ ግን የሆነ አካል ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ አለ፣ እንደዛ ነው ልነግርሽ የምችለው። አንድ ሌሊት እጃቸውን አንስተው ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉት። ምንም አላሉም። ብዙ ቆዩ። እኔም ንቅንቅ አላልኩም።

ይሄን ለማንም አልነገርኩም፣ ለባለቤቴም። ላንቺ የምነግርሽ ከማን እንደተማርኩት ስለማውቅ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ እንጀራ ስትጋግሪ አጠገብሽ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አይሽ ነበር። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ አሰስ ታረጊና፣ መጀመሪያ ሊጡ ላይ በጣትሽ መስቀል ሠርተሽ፣ ታሰፊና አክንባሎውን ትደፊበታለሽ። መቼ ነው የሚበስለው ስልሽ አትመልሺልኝም ነበር፣ ከንፈርሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ስታልቅ አክንባሎውን ስታነሺው ዓይኑ ሁሉ ክፍት ብሎ ይወጣል። አርባ እንጀራ አርባ ጊዜ። ጭሱ ዓይንሽን እያስለቀሰሽ አንድም ቀን ስትቸኩዪ አላየሁሽም። እኔ ያኔ እንጀራ የሚበስለው በጸሎት ይመስለኝ ነበር።

ለዛ ነው የተቆጣሁሽ። ይኸው ተናገርኩት።

2009 ላይ ሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ የግብዣውን ወረቀት ልኬ፣ ኢንሹራንሱን ከፍዬ፣ ላንቺ አልጋ ገዝቼ ነበር። ለአራስነቴ ትመጪያለሽ ወይ ስልሽ "እግዚአብሔር ያውቃል" ነበር መልስሽ፣ እኔ ደግሞ ስለ ቪዛው የምታወሪ መስሎኛል። የአባዬ ሙት ዓመት ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኮሰች ብለው ነገሩኝ። እሷ ናት የነገረችኝ የምለው እንኳን የለኝም፣ ሰው ነው የነገረኝ። የአራስ ገንፎዬን ያገነፋችልኝ ጎረቤቴ ናት፣ እግዜር ይስጣት፣ ግን ቅቤው ሲሸተኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ያለቀስኩት። ከሁሉ ከሁሉ የቆረጠኝ ግን ፍትሐቱ ነው። በቁምሽ የሙታን ፍትሐት እንደተደገመልሽ ስሰማ ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ሥርዓቱ እንደሆነ አውቃለሁ፣ መነኩሴ ለዓለም የሞተ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ለዓለም ሲባል እኔንም ይጨምራል እንዴ? ናሆምንስ፣ ገና ያልተወለደውን? ባለፈው በስልክ ይሄንኑ ሳወራ ሰምቶኝ "አያቴ ሞታለች? ታዲያ ቅዳሜ ያወራችኝ ማናት?" አለኝ። ምን ልበለው?

በዚህ ሱባኤ አባታችን ሲያስተምሩ የግብፁን መነኩሴ የአባ መቃርስን ታሪክ አነሱ። አስቄጥስ በረሃ ስንት ዘመን ተጋድሎ፣ በከተማ ያሉት ሁለት ሴቶች ደረጃ ገና አልደረስክም የሚል ድምፅ ሰማ፣ በትሩን ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ። ሁለቱ የወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው፣ 15 ዓመት በአንድ ቤት ሲኖሩ ክፉ ቃል አልተለዋወጡም፣ ገዳም እንግባ ብለው ባሎቻቸውን ለምነው እምቢ ስላሏቸው እዛው ጓዳቸው ውስጥ ነው የቀሩት። ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲሰማ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ስላንቺ ነበር የማስበው። አንቺ ይሄን ታሪክ ታውቂዋለሽ አይደል? ካወቅሽው ለምን ሄድሽ? ጓዳችን ውስጥ አልነበረም ወይ?

ይቺን ጽፌ ስልኩን አስቀምጬ ዕቃ አጥቤ መጣሁ። ላጠፋት ብዬ ነበር፣ ተውኳት። ልጅቷም ሳትዘል ታንብብልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመቴ ይሆናል፣ ግንቦት 12 ለጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ከአባዬ ጋር ሦስታችን ደብረ ሊባኖስ ወርደን ነበር። አባዬ በ1929 በዚሁ በዓል ሰሞን ግራዚያኒ ስላስፈጃቸው መነኮሳት እየነገረኝ ዞር ስል አንቺ የለሽም። ስፈልግሽ አጥሩ ጥግ ፊትሽን ወደ ግንቡ አዙረሽ ቆመሻል። ነጠላሽን ሳብኩ፣ አልዞርሽም። እማዬ አልኩሽ፣ አልሰማሽም። በጣም ነው የፈራሁት፣ እዛው ቆመሽ የሌለሽ መሰለኝ። በኋላ ስትዞሪ ፊትሽ ሌላ ነበር፣ አቅፈሽኝ ዳቦ ቆረስሽልኝ። የዛን ቀን ነው የሄድሽው መሰለኝ፣ እኛን አሳድገሽ፣ አባዬን አስታመሽ፣ ቀብረሽ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠብቀሽ ነው ቆቡን የጫንሽው። እኔ ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። እዛ የአሮጊቷ እግር ሥር ተንበርክኬ ሰው ስሜን ጠርቶ ያልሰማሁ ቀን ነው የመጣልኝ።

ቢሆንም ያመኛል። የሰው እናት እግር አጥቤ ደመወዝ እቀበላለሁ፣ የኔ እናት ጭቃ ላይ ወድቃ ማን እንዳነሳት አላውቅም።

ዓይንሽን ነገር እባክሽ። የዓይን ሞራ ነው ብለዋል እኮ፣ ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ በዛው ቀን ትመለሻለሽ፣ ገንዘቡ ተዘጋጅቷል፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ወስዶ ይመልስሻል። "የሚበቃኝን አይቻለሁ" አልሽው አሉ። ዳዊቱን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፣ መንገዱን ግን ጭቃው በየቀኑ ይለውጠዋል። አበምኔቱን አስፈቅዶልሽ ይመጣል፣ እምቢ እንዳትይው።

እኔ ጥቅምት ላይ ልመጣ ነው፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሰባት ቀን፣ ቤትሽ ጠባብ ቢሆንም መሬት ላይ አድራለሁ። ላነጋግርሽ አይደለም፣ ዝም ማለት ከፈለግሽ ዝም እንላለን። እግርሽን ማጠብ ነው የምፈልገው። የመጀመሪያው ፍትሐትሽ አምልጦኛል፣ ሁለተኛው ደግሞ... ብቻ እስከ ጥቅምት ጠብቂኝ።

የላኩትን ወፍራም ብርድ ልብስ ለሌላ እንዳትሰጪ፣ ያለፉትን ሁለቱን ሰጥተሻቸዋል፣ ለጎረቤትሽ እማሆይ ሌላ ይዤ እመጣለሁ። ዓርብ ንጋት ላይ ከኪዳን ስትመለሺ እደውላለሁ፣ ልጅቷ ስልኩን ሐሙስ ማታ ቻርጅ ታድርገው።